የስኳር ሕመምተኛ እግር፦ በውዱእ ይመርመሩት፣ በሕክምናው አይዘግዩ

በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ብዙ ቤተሰብ የሚፈራውን፣ ስለሚፈራውም አፍ አውጥቶ የማይነጋገርበትን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም የስኳር ሕመም በእግር ላይ የሚያስከትለው ቁስልና የቀዶ ጥገና ሕክምናው ነው።

እስቲ አንድ አባት በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉ። ቤታቸው ከጣና ማዶ፣ በደልጊ ወይም በቁንዝላ በኩል ነው። የስኳር ሕመም ካገኛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ቀን ከመስጂድ ሲመለሱ ነጠላ ጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ከአውራ ጣታቸው ሥር ቆዳቸውን ላጠችው። አላመማቸውም፤ ስላላመማቸውም ለማንም አልተናገሩም። በሳምንቱ ጣቱ አበጠ። አንዱ ጎረቤት ማር ቀቡት አለ፤ ሌላው በሙቅ ውኃና በጨው ንከሩት አለ። በሦስተኛው ሳምንት ጣቱ ጠቆረ፤ ሽታ አመጣ፤ ብርድ ብርድ አላቸው። ልጆቻቸው በጀልባ ይዘዋቸው ባሕር ዳር ደረሱ። ሐኪሙ እግሩን አይቶ "መቆረጥ አለበት" ሲል ቤተሰቡ ተደናገጠ። "ሆስፒታል የገባ እግሩን ሳይቆረጥ አይወጣም ሲባል ሰምተን ነበር" ብለው አባታቸውን ወደ ቤት ሊመልሱ ተነሱ።

እኚህ አባት በስም የምናውቃቸው አንድ ሰው አይደሉም። ነገር ግን የእርሳቸውን ታሪክ የሚመስል ታሪክ በየቤተሰቡ አለ። ምናልባትም አሁን ይህን ጽሑፍ በሚያነቡበት ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ገና ከመነሻው በግልጽ እንጠይቅ፦ የእኚህን አባት እግር ለመቆረጥ ያበቃው ምንድን ነው? ሆስፒታሉ ነው ወይስ እነዚያ ሦስት ሳምንታት?

የማያመው ቁስል

ሕመም ከአላህ ጸጋዎች አንዱ ነው ቢባል ይገርምዎ ይሆናል። እሾህ ሲወጋን እግራችንን የምንሰበስበው ስለሚያመን ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ወደ እግር የሚሄዱትን ነርቮች ይጎዳል። መጀመሪያ መቆጥቆጥ፣ መደንዘዝ ወይም እንደ እሳት ማቃጠል ይሰማል። በኋላ ግን እግሩ ጨርሶ ስሜት ያጣል። ሰውየው ሚስማር ረግጦ ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። እግሩ ላብ ማውጣት ስለሚያቆም ቆዳው ይደርቃል፤ ተረከዙ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ተሕዋስያን ይገባሉ።

ሁለተኛው ችግር የደም ዝውውር ነው። የስኳር ሕመም ወደ እግር ደም የሚወስዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሲጋራና ሺሻ ደግሞ ያባብሱታል። ደም የማይደርሰው ቁስል አይድንም፤ የሚዋጡት መድኃኒትም በበቂ መጠን አይደርሰውም። ሦስተኛው ኢንፌክሽን ነው። ስኳር የበዛበት ሰውነት ተሕዋስያንን የመከላከል አቅሙ ይደክማል። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ከጠጠር የተነሳች ትንሽ ቁስል በቀናት ውስጥ አጥንት ድረስ ልትዘልቅ ትችላለች።

ይህ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ለ2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ሕመም ጋር ይኖራሉ። የስኳር ሕመም ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የእግር ቁስል እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ወደ አካባቢያችን ስንመጣ እ.ኤ.አ. በ2016 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የስኳር ሕመም ክትትል በሚያደርጉ 279 አዋቂዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከ100ው 13.6 የሚሆኑት የእግር ቁስል ተገኝቶባቸዋል። የገጠር ነዋሪዎች፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ፣ የእግራቸው ነርቭ የተጎዳና እግራቸውን በደንብ የማይንከባከቡ ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህ ሁሉ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ይህ ነው፦ በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ከሚቆረጥ 100 ሰዎች ውስጥ ከ80 በላይ የሚሆኑት ነገሩ የጀመራቸው በቁስል ነው። ቁስል ደግሞ የሚታይ ነገር ነው። የሚታይን ነገር ቀድሞ ማከም ይቻላል።

ቀዶ ሐኪሙ በእርግጥ ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችን ለእግር ቁስል ቀዶ ጥገና ሲባል የሚታየን መጋዝ ብቻ ነው። እውነቱ ግን ቀዶ ጥገናው ብዙ ደረጃዎች ያሉት መሆኑና አብዛኛው ሥራም እግርን ለማትረፍ የሚደረግ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው መግል ማውጣት ነው። በእግር ውስጥ የታሰረ መግል በጅማቶቹ መካከል እየተጓዘ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን መግል አንቲባዮቲክ ብቻውን አያደርቀውም፤ መከፈት አለበት። ለነገ የሚባል ሥራም አይደለም።

ሁለተኛው የሞተውን ሥጋ ማስወገድ ነው። ጥቁር ወይም የበሰበሰ ሥጋ ተመልሶ ሕይወት አይዘራም፤ ለተሕዋስያን ምግብ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም። ሐኪሙ ጤነኛና የሚደማ ሥጋ እስኪያገኝ ድረስ ይጠርገዋል። ይህ ሥራ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ከዚያም ቁስሉ ሳይሰፋ ክፍቱን ይተዋል። ይህን ያዩ ቤተሰቦች "ሳይጨርስ ተወው" ብለው ይደነግጣሉ። ግን ሐኪሙ ረስቶት አይደለም፤ የተመረዘ ቁስል ከተሰፋ መግሉ ውስጥ ይታሰራል። ከሥር እየሞላ እንዲድን በየጊዜው በንጹሕ ፋሻ ይታሸጋል። ሰፊ ከሆነም በኋላ ከጭን ላይ በተወሰደ ስስ ቆዳ ይሸፈናል።

ሦስተኛው የደም ዝውውርን መመለስ ነው። የጠበበውን የደም ሥር ከውስጥ በማስፋት ወይም ደሙ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ በመሥራት ደም ወደ እግር እንዲደርስ ይደረጋል። ይህ ሕክምና በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ቢሆንም "የደም ዝውውሩ እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው መቁረጥ ነው። እርሱም ቢሆን ደረጃ አለው። አንድ ጣት ብቻ ሊወገድ ይችላል። ጣት ከነረጅም አጥንቱ፣ ከዚያም የእግር መዳፍ ግማሹ፣ ከዚያም ከጉልበት በታች፣ በመጨረሻም ከጉልበት በላይ እያለ ይቀጥላል። ሐኪሞች ጉልበትን ለማትረፍ የሚታገሉት በምክንያት ነው፤ ጉልበቱ የተረፈለት ሰው በሰው ሠራሽ እግር ለመራመድ የሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ በቁስል ማጽዳትና በመድኃኒት ይመለሳል። ዘግይቶ የመጣ ጣቱን ያጣል። ከዚያም የዘገየ እግሩን ያጣል። ከሁሉ የዘገየው ደግሞ መርዙ ወደ ደሙ ገብቶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በሆስፒታል እግር ሲቆረጥ የምናየው ብዙዎቻችን የምንደርሰው በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ ነው።

ከታንዛኒያ የሚያበረታታ ምሳሌ አለ። በዳሬሰላም የሚሠሩት ዶክተር ዙልፊቃርአሊ አባስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ ሐኪሞችንና ነርሶችን ጥንድ ጥንድ አድርገው የእግር እንክብካቤ አሠለጠኑ። ሠልጣኞቹ ተመልሰው ሕሙማንን ጫማቸውንና እግራቸውን እንዲያዩ አስተማሩ፤ ትንሿን ቁስል በጊዜ አጸዱ። በዚህም የሚቆረጠው እግር ቁጥር ቀነሰ። ይህ የሆነው በውድ መሣሪያ ሳይሆን በጊዜ በመድረስ ነው።

"ሙሉ አካሌን ይዤ ልሙት" ለሚሉ

አንዳንድ ወገኖቻችን ሐኪሙ መቁረጥ ግድ ነው ሲላቸው "አላህ ሙሉ አድርጎ ፈጥሮኛል፤ ሙሉ ሆኜ ልመለስ" ይላሉ። ስሜቱ የሚገባን ነው። ነገር ግን ሰውነታችን አማና ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና እንድንፈልግ አዘውናል፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ራስን በገዛ እጅ ወደ ጥፋት መጣልም በቁርኣን የተከለከለ ነው። ዑለማዎች ሕይወትን ለማትረፍ ግድ በሆነ ጊዜ የተበላሸ አካልን ማስወገድ የተፈቀደ መሆኑን ያስረዳሉ። የተቆረጠው አካልም በክብር ተጠቅልሎ ይቀበራል፤ ቤተሰብ ይህን ለሆስፒታሉ አስቀድሞ ቢነግር ጥሩ ነው።

የዑርዋህ ኢብኑ ዙበይርን (ረሒመሁላህ) ታሪክ እናስታውስ። የዙበይር ኢብኑል ዐዋምና የአስማእ ቢንት አቢ በክር ልጅ፣ የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የእህት ልጅ፣ ከሰባቱ የመዲና ፉቀሃዎች አንዱ ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ወደ ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱል መሊክ ዘንድ ሲጓዙ እግራቸውን የሚበላ ቁስል ያዛቸው። ሐኪሞች ካልተቆረጠ ወደ ላይ ወጥቶ ሰውነታቸውን እንደሚያበላሽ ነገሯቸው። እርሳቸውም ተስማሙ። የሚያደነዝዝ መጠጥ ቢቀርብላቸው አልፈለጉም፤ እግራቸው በመጋዝ ተቆረጠ። በዚያው ጉዞ ልጃቸውን በሞት አጡ። እርሳቸው ግን ከአራቱ የአካል ክፍሎቻቸው አንዱ ተወስዶ ሦስቱ ስለቀሩላቸው፣ ከልጆቻቸውም አንዱ ሄዶ ሌሎቹ ስለተረፉላቸው አላህን አመሰገኑ። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ኖረው ዕውቀትን አስተማሩ።

የዑርዋህ በሽታ የስኳር ሕመም ነው የሚል የለም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው። ተወኩል ብለው ሐኪሙን አልመለሱም፤ ሐኪሙን ተቀብለውም ሶብርን አልተዉም። ዛሬ ደግሞ የእርሳቸውን ያህል ስቃይ የሚጠይቅ የለም። ብዙውን ጊዜ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ሥራው ያለ ሕመም ይከናወናል።

ፊርማ ከመፈረምዎ በፊት ግን ሐኪሙን እነዚህን ይጠይቁ፦ የሚቆረጠው እስከ የት ነው? ከዚያ በታች ማትረፍ የማይቻለው ለምንድን ነው? ብንጠብቅ ምን ይሆናል? እርጥብና የሚሸት ጋንግሪን ሰዓት አይሰጥም። ደረቅ ሆኖ ኢንፌክሽን የሌለበት ጥቁር ጣት ግን አንዳንዴ ሊጠበቅ ይችላል። ስለዚህ መልሱ ከሰው ሰው ይለያል።

ከመቆረጥ በኋላም ሕይወት አለ። ባሕር ዳር ላይ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች እንዲሁም የመራመድ ልምምድ የሚገኘው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ ምንዳው አይጎድልም ብለን ከአላህ እንከጅላለን።

በቀን አምስት ጊዜ እግርዎ በእጅዎ ነው

ሐኪሞች የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየቀኑ እግሩን እንዲመለከት ይመክራሉ። ለብዙ ሰው ይህ አዲስ ልማድ ማውጣት ነው። ለሰጋጅ ግን ሥራው ግማሹ ተሠርቷል፤ ለእያንዳንዱ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩ በእጁ ውስጥ ነው። የቀረው ዓይንን ማሳረፍ ብቻ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእን እንድናሳምርና በጣቶቻችን መካከል ውኃ እንድናደርስ አስተምረውናል። ያን ሲያደርጉ በጣቶቹ መካከል ነጭና የላላ ቆዳ፣ ስንጥቅ፣ ውኃ የቋጠረ ነገር እንዳለ ይዩ። የውስጥ እግርዎን ማየት ካቃተዎ መስታወት ወለል ላይ አድርገው ይመልከቱ ወይም ልጅዎን ይጥሩ። ውዱእ ሲጨርሱ በጣቶችዎ መካከል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ደረቅ ተረከዝዎን ቫዝሊን ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ። በብርድ ጊዜ ውኃ ካሞቁ ሙቀቱን በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይለኩ፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም። ከሰል አጠገብም እግር አይሞቅም።

ቁስል ላለበት ሰው ደግሞ ዲናችን ገር ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ በጉዞ ላይ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ የቆሰለ ሰው መታጠብ ግድ ሲሆንበት ባልደረቦቹን ጠየቀ፤ ማቅለያ የለህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም ተናገሩ። ስለዚህ ሐኪም በፋሻ ያሸገውን ቁስል ለውዱእ ብለው አይፍቱት። ጤነኛውን አካል ያጥባሉ፣ ፋሻውን በእርጥብ እጅ ያብሳሉ፤ ያም የሚጎዳ ከሆነ ተየሙም አለ። ዝርዝሩን ኢማምዎን ይጠይቁ።

ከውዱእ ቦታ እስከ መስጂዱ በር በባዶ እግር አይሂዱ። በባሕር ዳር ፀሐይ የጋለ ሲሚንቶ የደነዘዘ እግርን ያቃጥላል። ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት፤ ውስጡን በእጅዎ ዳብሱት። ጥፍርዎን ለጁሙዓ ሲቆርጡ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ ጠርዙን አይቆፍሩ። የደደረ ቆዳን በምላጭ አይላጩ። በሐይቁ ዳር ደንገል የሚቆርጡ፣ ታንኳ የሚሠሩና ዓሣ የሚያጠምዱ ወንድሞቻችን የስኳር ሕመም ካለባቸው ውኃ ውስጥም የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋቸዋል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ምርመራም አለ። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን። እርስዎ በአመልካች ጣትዎ ጫፍ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛውን ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ ተራ በተራ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በቀስታ ይንኩ፤ አይጫኑ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ስሜት እያጣ ነውና ለሐኪም ይንገሩ። ይህ በጤና ተቋም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገውን የእግር ምርመራ አይተካም።

በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

1. ማንኛውም ክፍት ቁስል፣ ባያምም እንኳ
2. መግል፣ ሽታ ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላት
3. የጠቆረ ጣት ወይም በድንገት የቀዘቀዘና የገረጣ እግር
4. ቁስል ሳይኖርበት ያበጠና የሚያተኩስ እግር፤ የውስጥ አጥንት እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል
5. ከእግር ቁስል ጋር ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ያለ ምክንያት የጨመረ ስኳር

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል ከሆኑ ደብተርዎን ያድሱ፤ ሪፈሩንም ይያዙ፤ ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሩቅያና ዱዓ አይቀርም፤ ነገር ግን መንገድ ላይም ሊደረግ ይችላል። ማር በቁርኣን የተወደሰ ፈውስ ነው። ለቁስል በሕክምና የሚውለው ማር ግን ከተሕዋስያን የጸዳ ነው፤ ከገበያ የተገዛውን በጥልቅ ቁስል ውስጥ አያፍስሱ። ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ።

ቁስል የሚድነው በምግብም ነው

የቆሰለ ሰውነት ሥጋ የሚተካው ከፕሮቲን ነው። በዚህ ረገድ የጣና ዳር ነዋሪ የታደለ ነው፤ ቀረሶና አምባዛ በደጁ ናቸው። በዘይት ከመጥበስ ይልቅ መቀቀል ወይም በወጥ መሥራት ይሻላል። ዓሣ ባይገኝ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላልና ወተት አሉ። ጎመንና ቲማቲም ይጨመሩ። እንጀራው አይከለከልም፤ መጠኑ ግን ይለካ። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ግን ቢቀሩ ምንም አይጎዱ። ተምር ሱና ቢሆንም ስኳሩ ብዙ ነውና ከቁጥር አይለፍ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ረመዷን ሲመጣ አስቀድሞ ሐኪሙንም ኢማሙንም ያማክር፤ አላህ ለሕመምተኛ ማቅለያ ሰጥቷል። መድኃኒትና ኢንሱሊን በራስ ውሳኔ አይቋረጡም።

የዳነ ቁስልም አያዘናጋዎ። ቁስላቸው ከዳነ 100 ሰዎች ውስጥ 40 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። አንድ እግሩን ያጣ ሰው ደግሞ የቀረውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ።

ወደ እኚያ አባት እንመለስ። ልጆቻቸው በሩ ላይ ቆመው እየተከራከሩ ነው። እርስዎ አጠገባቸው ቢኖሩ ምን ይሏቸዋል? "መልሷቸው፤ ዛሬ መዳፉን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጉልበቱ ነው" ይበሏቸው። ከዚያም ወደ ቤትዎ ሲገቡ፣ ለመግሪብ ውዱእ ሲያደርጉ፣ የራስዎን ወይም የወላጅዎን እግር በብርሃን አምጥተው ይዩ።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማር፤ ለጤነኞቻችንም ጤናን ያዝልቅልን። አሚን።